የመጠጥ ውሃና የአካባቢ ንጽሕና በብሔራዊ ዕቅድ ታሪካችን

የትምህርት ቤት ግንባታ የሚያቅድ ባለሙያ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ መማሪያ ክፍሎች ብዛት ነው። ስለ ውሃና ስለ መጸዳጃ ቤት ግን ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ሕንፃው ካለቀ በኋላ ነው። ይህ ልማድ በትምህርት ቤት ብቻ የሚታይ አይደለም፤ አገሪቱ የውሃንና የንጽሕናን ሥራ ስታቅድ በቆየችበት መንገድም ይገኛል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን መንገድ በአጭሩ በመከታተል፣ በዕቅድ ውስጥ የተቆጠረው ሲሠራ ያልተቆጠረው እንዴት ወደ ኋላ እንደቀረ ማሳየት ነው።

ውሃ ቀደመ፣ ፍሳሽ ዘገየ

በአዲስ አበባ የመጀመሪያው የቧንቧ ውሃ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ተዘረጋ። ሥራውን የመራው ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ነበር። ከዚያም በ1930ዎቹ የገፈርሳ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የለገዳዲ ግድቦች ተሠሩ። በ1963 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ሲቋቋም ሁለቱ አገልግሎቶች በአንድ ስም ተጠሩ። ይሁን እንጂ የቃሊቲው የፍሳሽ ማጣሪያ ሥራ የጀመረው በ1970ዎቹ ውስጥ ነው። ከተማዪቱ ወደ ቤት የሚገባውን ውሃ ከተቀበለች ከ80 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው ከቤት የሚወጣውን ማጣራት የጀመረችው።

በአገር አቀፍ ደረጃም ሁኔታው ተመሳሳይ ነበር። በ1950 ዓ.ም. የተጀመረው የመጀመሪያው የአምስት ዓመት ዕቅድ ዋና ትኩረት መንገድና መገናኛን የመሰለው መሠረተ ልማት ነበር። በዚያው ዘመን የተካሄደው የዓባይ ተፋሰስ ጥናትም ሆነ በ1954 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ውሃን ያዩት በይበልጥ ከመስኖና ከኤሌክትሪክ ኃይል አንጻር ነው። የገጠሩ ቤተሰብ እንስራ በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ እምብዛም ቦታ አላገኘም።

የንጽሕናው ሥራ ደግሞ በሌላ በር ገባ። እ.ኤ.አ. በ1953 በደንቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ ከጤና መኮንኖችና ከነርሶች ጋር የአካባቢ ጤና አጠባበቅ ባለሙያዎችን፣ ማለትም ሳኒተሪያኖችን ማሠልጠን ጀመረ። ይህ ታላቅ እርምጃ ነበር። ይሁን እንጂ ውሃው በመሐንዲሱ፣ መጸዳጃ ቤቱ በጤና ሠራተኛው እጅ ተለያይተው ቀሩ።

ግንባታና አገልግሎት

በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በአርጀንቲና፣ በማር ዴል ፕላታ ከተማ የተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት የውሃ ጉባኤ ባሳሰበው መሠረት፣ እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1990 ያለው ጊዜ ዓለም አቀፍ የመጠጥ ውሃና የአካባቢ ንጽሕና አሥርት ዓመት ተብሎ ታወጀ። ኢትዮጵያም በ1977 ዓ.ም. የአሥር ዓመት መሪ ዕቅዷን ጀመረች፤ ዘመኑ ግን የድርቅና የጦርነት ነበር። ከችግሩ ስፋት የተነሣ ጥረቱ ሁሉ ጉድጓድ ወደ መቆፈርና ፓምፕ ወደ መትከል አዘነበለ። የሚተከለው ፓምፕ በሪፖርት ይቆጠራል፤ መለዋወጫው፣ ጠባቂውና የጥገናው ወጪ ግን አይቆጠሩም። ስለዚህ ፓምፑ ሲሰበር መንደሩ ወደ ወንዙ ይመለሳል፤ ሪፖርቱ ግን እንደ ጸና ይኖራል።

በ1991 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር ፖሊሲ ይህን ጉድለት ለማረም ሞከረ፤ የገጠር የውሃ ተቋማት ክፍያ ቢያንስ የማንቀሳቀሻና የጥገና ወጪን እንዲሸፍን ደነገገ። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ደግሞ ከ16ቱ ዝርዝር ተግባራቱ 7ቱን ለግልና ለአካባቢ ንጽሕና መደበ። መጸዳጃ ቤትም በዚህ ጊዜ በየቤቱ መቆጠር ጀመረ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዩኒሴፍ የጋራ ክትትል እንዳመለከተው፣ በሜዳ የሚጸዳዳው ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1990 ከመቶ 92 እጅ ከነበረበት በ2015 ወደ 29 ወረደ። ለዚህ ውጤት ሌሎች ምክንያቶችም ቢኖሩት፣ ሥራው ባለቤትና መለኪያ ማግኘቱ ከዋነኞቹ አንዱ ነው።

የትምህርት ቤት ድርሻ

እ.ኤ.አ. በ2006 የውሃ፣ የጤናና የትምህርት ሚኒስቴሮች በጋራ ለመሥራት የስምምነት ሰነድ ተፈራረሙ፤ በ2013ም አንድ የተቀናጀ ብሔራዊ የውሃ፣ የሳኒቴሽንና የሃይጂን ፕሮግራም ተጀመረ። ለግማሽ ምዕተ ዓመት የተለያዩት ሥራዎች በወረቀት ላይ ተገናኙ። በተግባር የሚገናኙበት አንዱ ዋና ስፍራ ግን ትምህርት ቤት ነው። እጅ መታጠብን በመጽሐፍ ተምሮ በግቢው ውሃ ያጣ ልጅ የሚማረው ሌላ ትምህርት ነው፤ ይኸውም መጽሐፍ ለፈተና እንጂ ለኑሮ አለመሆኑን። የሚዘጋ መጸዳጃ ቤት በሌለበት ደግሞ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጃገረድ በየወሩ ከትምህርት ገበታዋ ትቀራለች።

ስለዚህ ሁለት ነገሮችን ማሳሰብ ይገባል። የዕቅድ ባለሙያዎች ከተሠራው ቧንቧና መጸዳጃ ቤት ብዛት ጎን፣ ዛሬ አገልግሎት የሚሰጠው ስንት እንደሆነና ለጥገናው የተመደበውን ገንዘብ በዓመታዊው ቅጽ ያስፍሩ። መምህራንም ተማሪዎች የግቢያቸው ቧንቧ በየወሩ ስንት ቀን ውሃ እንደሰጠና መጸዳጃ ቤቱ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ በሒሳብና በሳይንስ ትምህርት እየመዘገቡ እንዲያሰሉ ያድርጉ። ይህ ሥራ አዲስ መጽሐፍ አይጠይቅም፤ አንድ ደብተርና የተከታታይ ወራት ትጋት ይበቃዋል። ወደ ዕቅድ ክፍሉ የሚላከው ሪፖርትም ከዚህ መዝገብ ጋር እየተመሳከረ ቢዘጋጅ፣ የተቋረጠው አገልግሎት እንደ ቀድሞው ሳይቆጠር አይቀርም።