ዝገት ውሃን ከመርዝ ሊያጠራ ይችላል? መርዛማ ብረታ ብረትን ከውሃ የሚያስወግዱት ኦክሳይዶች

ጥርት ያለ ውሃ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። አርሴኒክ፣ እርሳስ (ሊድ) ወይም ካድሚየም የሟሟበት ውሃ ቀለሙም ሆነ ሽታው ሳይለወጥ ለዓመታት ሊጠጣ ይችላል። ማፍላትም አይረዳም፤ ጀርሞችን ቢገድልም መርዙን አያተንም። እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲሄድ በቀሪው ውስጥ ያለው የመርዝ መጠን ይጨምራል።

ባንግላዴሽ ይህንን ከመራራ ልምድ ተምራለች። ሕዝቡን በኩሬና በወንዝ ውሃ ከሚተላለፉ በሽታዎች ለመታደግ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የእጅ ፓምፕ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። በአውሮፓውያኑ 1993 ግን በጉድጓዶቹ ውሃ ውስጥ ከከርሰ ምድር ደለል የወጣ አርሴኒክ መኖሩ ታወቀ። በ2000 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት የወጣ ጽሑፍ ክስተቱን በታሪክ ከታዩት ሁሉ ትልቁ የሕዝብ መመረዝ ሲል ገልጾታል። ድርጅቱ በአንድ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ለአርሴኒክም ሆነ ለእርሳስ ያስቀመጠው መመሪያ 10 ማይክሮግራም ነው።

ኦክሳይድ መርዙን እንዴት ይይዛል?

ኦክሳይድ አንድ ንጥረ ነገር ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ የሚፈጠር ቁስ ነው። የብረት ዝገት፣ በአሸዋ ውስጥ የሚገኘው ሲሊካ እና የአሉሚኒየም ኦክሳይድ የሆነው አሉሚና ምሳሌዎች ናቸው። እነዚህ ቁሶች ውሃ ሲነካቸው ገጻቸው ሃይድሮክሲል በሚባሉ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንዶች ይሸፈናል። በውሃው ውስጥ የሟሟው አዮን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያለው ቅንጣት፣ ከእነዚህ ጥንዶች ጋር ተሳስሮ ይቀራል።

ሂደቱ ስፖንጅ ውሃን እንደሚመጥጠው አይደለም፤ አዮኑ የሚጣበቀው በገጹ ላይ ነው። ስለዚህ ወሳኙ የገጹ ስፋት ነው። ለማጣሪያነት የተዘጋጀ አንድ ግራም አሉሚና በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ምክንያት ከ200 ካሬ ሜትር በላይ ገጽ ሊኖረው ይችላል።

ለምን ይሻሻላሉ?

ተራ አሸዋ አርሴኒክን የመያዝ አቅሙ አነስተኛ ነው፤ በብረት ኦክሳይድ ሲለበጥ ግን አቅሙ ይጨምራል። ሲሊካ ላይ ድኝ ያለው ውሁድ ሲተከልበት ደግሞ ሜርኩሪን መርጦ ይይዛል። በ2006 የአሜሪካው ራይስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እጅግ ደቃቅ የማግኔታይት ቅንጣቶች አርሴኒክን ከያዙ በኋላ በደካማ ማግኔት ከውሃው ሊሰበሰቡ እንደሚችሉ አሳዩ።

በቀጣዩ ዓመት ትውልደ ባንግላዴሻዊው ኬሚስት አቡል ሁሳም ብረትን፣ አሸዋን፣ ከሰልንና የጡብ ስባሪን ለሚጠቀመው የቤት ውስጥ ማጣሪያ ከአሜሪካ ብሔራዊ የምህንድስና አካዳሚ የ1 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት አግኝተዋል።

ወሰኖቹ ምንድን ናቸው?

ለሁሉም ውሃ የሚሆን አንድ ቁስ የለም። የውሃው ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱ ወይም የአልካላይነቱ መጠን፣ የኦክሳይዱን ገጽ ቻርጅ ይለውጣል። እርሳስና ካድሚየም ፖዘቲቭ በመሆናቸው ፒኤች ከፍ ሲል በተሻለ ይያዛሉ። በውሃ ውስጥ በአብዛኛው ኔጌቲቭ ሆኖ የሚገኘው አርሴኔት በአንጻሩ ፒኤች ዝቅ ሲል ይቀናዋል። ፎስፌትም ከአርሴኔት ጋር ለተመሳሳይ ቦታ ይሻማል።

በምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆም ይኸው ጥያቄ ይነሳል። በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በታንዛኒያ በርካታ አካባቢዎች የከርሰ ምድር ውሃው ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ካስቀመጠው 1.5 ሚሊግራም ይበልጣል፤ ጥርስንና አጥንትንም ይጎዳል። ፍሎራይድ ብረታ ብረት ባይሆንም አሉሚና ይይዘዋል። ይሁንና አሉሚና በተሻለ የሚሠራው ውሃው በመጠኑ አሲዳማ ሲሆን ነው፤ የስምጥ ሸለቆ ውሃ ግን ብዙ ጊዜ አልካላይን ነው።

ትልቁ አደጋ ግን ማጣሪያው አቅሙን ሲጨርስ ምልክት አለመስጠቱ ነው። በገጹ ላይ ባዶ ቦታ ሲያልቅ ውሃው እንደ ወትሮው ጠርቶ ይወርዳል፤ መርዙም አብሮት ያልፋል። ስለዚህ ቁሱ ከመመረጡ በፊት ውሃው መመርመር፣ ሥራ ከጀመረም በኋላ የተጣራው ውሃ በየጊዜው መለካት አለበት። አቅሙን የጨረሰ ቁስ በኬሚካል ታጥቦ ዳግም ሊያገለግል ይችላል፤ እጣቢውም ሆነ የተጣለው ቁስ ግን መርዙን እንደያዘ ስለሆነ ከጉድጓድና ከእርሻ መራቅ ይኖርበታል። አለዚያ መርዙ ቦታ ለወጠ እንጂ አልተወገደም።