እስስት፤ ከኮዬ ፈጬ እስከ ሐረና ጫካ

እስስት በእኛ ሀገር አቋም የለሽ ሰው መስደቢያ ሆናለች (ፖለቲከኞቻችንን ማለቴ አይደለም!)። ቀለሟን የምትለውጠው ግን ለመደበቅ ብቻ ሳይሆን እንደ ሙቀቱ፣ እንደ ብርሃኑና እንደ ስሜቷም ነው።

ከሌሎች እንሽላሊቶች የሚለያት ለየብቻ የሚዞሩት ዓይኖቿ፣ ቅርንጫፍ እንደ ጉጠት የሚይዙት እግሮቿና የሰውነቷን ርዝመት ያህል የሚወነጨፈው ምላሷ ናቸው። መርዝ የላትም፤ ኮዬ ፈጬ የኮንዶሚኒየም አጥር ላይ ብትታይም ድንጋይ የሚያስነሳ ምክንያት የለም።

የደጋ እስስቶቻችን ወገን በሳይንሱ «ትራዮሴሮስ» ይባላል፤ ባለ ሦስት ቀንድ ማለት ነው። ስሙ ግን ሁሉንም አይገልጽም። ከባሌ የሐረና ጫካ በ1995 እ.ኤ.አ. በሳይንስ የተመዘገበው ዝርያ ቀንድ የለውም፤ በ1998 የተመዘገበው ደግሞ ወንዱ አፍንጫው ላይ ሁለት ቀንድ አለው። ሁለቱም ከኢትዮጵያ ውጭ አይገኙም፤ ሐረና በተመነጠረ ቁጥር መኖሪያቸው ይጠባል።