«ለልጅሽ ንገሪው!» ወይም የቤተሰብ ሕክምና ታሪክ

እራት ላይ ነን። አባት ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል እንጀራውን ይቆርስና «ለልጅሽ ንገሪው፤ ይሄ ቤት ሆቴል አይደለም» ይላል። ልጁ እዚያው፣ ከአባቱ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጧል። እናት ወደ ልጇ ዞራ «አባትህ የሚለውን ሰማህ አይደል?» ትላለች። ልጁም መልሱን ለእናቱ ይሰጣል፤ «ንገሪው፤ ሥራ ነው ያመሸሁት»። ሦስቱም አንድ ትሪ ከበው ይበላሉ፤ ወሬው ግን በእናት በኩል ዞሮ ነው የሚሄደው። ልብ ብላችሁ ከሆነ ደግሞ፣ ማትሪክ ያለፈ ቀን «ልጄ» የተባለው ልጅ፣ ያመሸ ቀን «ልጅሽ» ይሆናል።

ይህን ጽሑፍ ስናሰናዳ እርስ በርስ ተጠያየቅን። ይቺ እራት በሁላችንም ቤት የተበላች ሆና አገኘናት። የገረመን ግን ሌላ ነው። ይህችን የሦስት ሰው ወሬ ቁጭ ብሎ ያጠና፣ ስም ያወጣላት፣ ሕክምና ያበጀላት ሙያ አለ። ፈረንጆቹ «ፋሚሊ ቴራፒ» ይሉታል፤ እኛ የቤተሰብ ሕክምና እንበለው። ዕድሜው ገና ሰባ ምናምን ዓመት ነው። ታሪኩን ስናገላብጥ ያገኘነው የሊቃውንት ገድል አይደለም፤ ጥፋተኛ በመፈለግ ጀምሮ፣ ፍለጋውን ለመተው ብዙ ዓመት የፈጀበት ሙያ ታሪክ ነው። (ዓመቶቹ፣ የአገራችንን ሕግ ከምናነሳበት ቦታ በቀር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያው ዘመን ዘመድ ከበር ውጭ ነበር። ሲግመንድ ፍሮይድ በ1912 ለሐኪሞች በጻፈው ምክር፣ የታካሚን ዘመዶች እንዴት እንደሚይዝ ፈጽሞ ግራ እንደሚገባው ሳይደብቅ ተናግሯል። ቆየት ብሎ ደግሞ በአንድ ትምህርቱ ላይ ነገሩን በቀዶ ጥገና መሰለው፤ አክስት አጎት ሁሉ ጠረጴዛውን ከቦ፣ ቢላዋው ባረፈ ቁጥር እሪ ቢል ስንቱ ቀዶ ጥገና ይሳካል? (በመጠየቂያ ሰዓት የእኛን አገር ሆስፒታል ኮሪደር ቢያየው ምን ይል ነበር?) የሚያስቀው፣ በ1909 ባሳተመው የ«ትንሹ ሃንስ» ታሪክ፣ ፈረስ የሚፈራውን ሕፃን ያከመው ራሱ ፍሮይድ በአባትየው በኩል ነው። ልጁን በሕክምናው ጊዜ ያገኘው አንዴ ብቻ ነበር።

ዘመድ ውጭ ቀረ ማለት ግን ከክስ ነፃ ወጣ ማለት አልነበረም። በ1948 ፍሪዳ ፍሮም ራይኽማን የተባለች የታወቀች የአእምሮ ሐኪም «ስኪዞፍሬንያ አምጪ እናት» የሚል አጠራር ተጠቀመች፤ አጠራሩም እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ልጇ የታመመባት እናት ሐኪም ዘንድ ስትሄድ፣ የልጇ ሕመም ሳያንሳት «ያሳመምሽው አንቺ ነሽ» የሚል ፍርድ ተሸክማ ትመለሳለች። ዛሬ ለዚህ ፍርድ ማስረጃ እንደሌለው እናውቃለን። በዚያን ጊዜ ግን ሳይንስ ነበር።

ከዚያ ከሁሉም የምንወደው ነገር መጣ፤ አንድ የመስማት ስሕተት። ጆን ቤል የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1951 ለንደን ሄዶ ሳለ፣ እውቁ ሐኪም ጆን ቦውልቢ ቤተሰብን በሙሉ አንድ ላይ እያስቀመጠ እንደሚያክም በወሬ ሰማ። ቦውልቢ እንዲህ ያደርግ የነበረው አልፎ አልፎ፣ ለግለሰቡ ሕክምና መደገፊያ ብቻ ነበር። ቤል ግን የዘወትር አሠራሩ መሰለው። አገሩ ተመለሰና አባት፣ እናት፣ ልጅ ሳይለይ ሁሉንም አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ማነጋገር ጀመረ። ከሙያው መሠረቶች አንዱ የተጣለው እንግዲህ በተሳሳተ ወሬ ነው።

በዚያው ዓመት፣ ቤል የሚያደርገውን ሳታውቅ፣ ቨርጂኒያ ሳቲር ችካጎ ውስጥ አንዲት ወጣት ታማሚ ትረዳ ነበር። ልጅቷ እየተሻላት ስትሄድ እናቷ ስልክ ደወለች፤ «ልጄን ከእኔ ነጠልሻት፤ እከስሻለሁ» ብላ። ሳቲር በድምፁ ውስጥ ከዛቻው ሌላ ልመናም ሰማች። «ነይ» አለቻት። እናቲቱ ስትመጣ ደህና የነበረችው ልጅ እንደ ገና ወደ ድሮዋ ተመለሰች። ቀስ በቀስ ሲስተካከሉ ሳቲር አባትየውን ጠራች፤ ያ ሁሉ ሥራ ድጋሚ ፈረሰ። ወንድሟ ሲመጣ ደግሞ አዲስ ነገር ታየ። ሳቲር ከዚህ የተማረችው፣ አንድ ሰው ብቻውን የሚያሳየው ጠባይና በቤተሰቡ መሃል የሚያሳየው ጠባይ ሁለት መሆናቸውን ነው። በዓል ሲመጣ ቤተሰብ ጋ ገብተን በግማሽ ሰዓት ውስጥ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የምንሆን ሁሉ ይህ ይገባናል።

በ1956 ካሊፎርኒያ ውስጥ የአንትሮፖሎጂ ሰው የነበረው ግሪጎሪ ቤትሰን ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር አንድ ጽሑፍ አወጣ። ከምሳሌዎቻቸው አንዱ ይኸው። ሆስፒታል የተኛ ወጣት እናቱ ልትጠይቀው ስትመጣ ደስ ብሎት ያቅፋታል። እሷ ሰውነቷን ታደርቃለች። እጁን ሲሰበስብ ደግሞ «አትወደኝም ማለት ነው?» ትለዋለች። ቢያቅፍም አልሆነ፣ ቢተውም አልሆነ። ነገሩን ስሙልኝ ብሎ ማንሳትም አይቻልም። ይህን «ድርብ እስር» አሉት። ስኪዞፍሬንያን የሚያመጣው ይህ ነው ያሉት ግምት በኋላ አልቆመም፤ ሕመሙ ከዚያ የሰፋ ነገር ነው። ደግሞ አስተውሉ፣ በምሳሌው ውስጥ ጥፋተኛዋ ዛሬም እናት ናት። የተረፈው ሐሳብ ግን ትልቅ ነው፤ ሰዎች አፋቸው አንድ፣ ሰውነታቸው ሌላ እየተናገረ እርስ በርስ ሊጠላለፉ ይችላሉ።

ወደ እራታችን የሚመልሰን መሪ ቦወን ነው። ከ1954 ጀምሮ በሜሪላንድ፣ ቤተስዳ በሚገኘው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም የስኪዞፍሬንያ ታማሚዎችን ከነእናቶቻቸው አስተኛ። ቀጥሎ አባቶችና እህት ወንድሞችም ገቡ። ቤተሰብ በሙሉ ሆስፒታል ውስጥ ለወራት ሲኖር፣ ሲጣላ፣ ሲታረቅ ሐኪሞቹ እያዩ ይጽፋሉ። ሥራው በ1959 እስኪዘጋ ድረስ ቦወን ያስተዋለው ይህን ነበር፤ በሁለት ሰዎች መሃል ያለው ነገር ሲከር፣ ሁለቱ ሦስተኛ ሰው ይጎትታሉ። ክሩ በሦስት ይከፈልና ለጊዜው ይላላል፤ የሁለቱ ጉዳይ ግን ሳይነካ ይቀራል። ይህን «ሦስት ማዕዘን» አለው። «ለልጅሽ ንገሪው» ማለት ይኸው ነው። የቦወን መድኃኒት ሦስተኛው ሰው ሳይቆጣና ሳይኮርፍ፣ ከሁለቱም ጋር እየተነጋገረ፣ መልእክተኛነቱን እንዲተው ነው።

ቦወን ይህን በራሱ ላይም ሞክሮታል። በ1967 ፊላደልፊያ ላይ ባልደረቦቹ የተለመደ የጥናት ንግግር ሲጠብቁ፣ እሱ ቴነሲ ውስጥ ስላሉት ወላጆቹና ወንድም እህቶቹ ያወራ ጀመር። አንዱ ስለ ሌላው በድብቅ የነገረውን ወሬ ለባለቤቱ በደብዳቤ ጻፈ፤ ከዚያ አገሩ ሄዶ መሃላቸው ተቀመጠ። ሁሉም ወደየራሱ ወገን ሊጎትተው ሞከረ፤ አልሄደላቸውም። ጽሑፉ በ1972 ሲታተም የደራሲው ስም «ስም የለሽ» ተብሎ ወጣ። ሐኪምም ዘመድ አለው፤ ይሉኝታም አለው።

ሳቲር በበኩሏ በክርክር ሰዓት የምንለብሳቸውን ቆዳዎች ለየች። አንዱ ተለማማጭ ነው፤ ጥፋቱ ባይሆንም «ይቅርታ» ይላል። ሌላው ወቃሽ፤ ጣቱ ሁሌም ወደ ሰው ነው። ሦስተኛው እንደ ኮምፒዩተር ደርቆ ማስረጃ ይደረድራል። አራተኛው ወሬ ያስቀይሳል፤ ቤቱ ሲጤስ ስለ አርሰናል ያወራል። (ከእኛ መሃል ማን የትኛው እንደሆነ ተስማምተናል፤ አንጽፈውም።) ሳቲር ይህን በቃል ብቻ አላስተማረችም። ተለማማጩን ታንበረክከዋለች፤ ወቃሹን ጣቱን አስቀስራ ታቆመዋለች። ያኔ ቤተሰቡ ራሱን በዓይኑ ያያል።

አርጀንቲና የተወለደው ሳልቫዶር ሚኑቺን ደግሞ ከኒውዮርክ ድሃ ሰፈሮች የመጡ ወንዶች ልጆች የሚማሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ ሠራ። ልጆቹ እዚያ ሳሉ ይሻሻላሉ፤ ቤታቸው ሲመለሱ ያ ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ ቤተሰቡን ጠራ። ባልደረቦቹም በአንድ በኩል ብቻ በሚያሳይ መስታወት ጀርባ ቆመው ሥራውን ይከታተሉ ነበር። ኋላ ፊላደልፊያ ሲሄድ፣ ምግብ አልበላ ብለው የመነመኑ ልጆችን ከነወላጆቻቸው ምሳ አቅርቦ ያክም ጀመር። ምግቡ ሲቀርብ የቤቱ ጉድ ይወጣል፤ አንዱ ወላጅ ይለምናል፣ ሌላው ይቆጣል፣ ልጅቷ በመሃል ተቀምጣ አትበላም። የሚኑቺን የመጀመሪያ ሥራ ሁለቱ ወላጆች አንድ ቃል እንዲናገሩ ማድረግ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ደስ ይላል። ነገር ግን «ጥፋተኛ የለም፤ ሁሉም የየድርሻውን ያዋጣል» የሚለው አነጋገር የራሱ ጉድጓድ አለው። በ1978 ሬቸል ሄር ማስቲን የሙያውን አባቶች ሞገተች፤ እናንተ እንደ እኩል የምታዩዋቸው ባልና ሚስት በገንዘብም በጉልበትም እኩል አይደሉም አለች። ከእሷ በኋላ የመጡት ጥያቄውን አከረሩት፤ ባሏ የሚደበድባትን ሴት «የአንቺስ ድርሻ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ሕክምና ነው ወይ? ትችቱ ሙያውን አናወጠው፤ ድብደባ ባለበት ቤት ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጦ ማነጋገር አደጋ ሊሆን እንደሚችል ዛሬ ይማሩበታል።

እዚህ ጋ ነው እኛም ወደ ራሳችን ሽማግሌዎች የዞርነው። ሽምግልና የቤተሰብ ሕክምና አይደለም፤ ሐኪም አይፈርድም፣ ሽማግሌ ይፈርዳል። ግን ሁሉንም ሰብስቦ፣ ተራ ሰጥቶ፣ «እሱ ይጨርስ» ብሎ ማዳመጥን ቤል ለንደን ከመሄዱ በፊት እናውቀዋለን። «ቻይው፣ የልጆችሽ አባት ነው» የሚለውን ጉድጓድም እንዲሁ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺን ውሳኔ ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሰጥቶ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ይህን ሥልጣን ወደ ፍርድ ቤት አዛወረው። ለሽማግሌዎች የቀረላቸው የማስታረቅ ሥራ ነው።

ሙያው ከጥፋተኛ ፍለጋ በደንብ የወጣው በሌላ መንገድ ነበር። እንግሊዝ ውስጥ ጆርጅ ብራውንና ባልደረቦቹ በ1972፣ ቀጥሎም ክሪስቲን ቮንና ጁሊያን ሌፍ በ1976፣ ከሆስፒታል ወጥተው ቤታቸው የተመለሱ የስኪዞፍሬንያ ታማሚዎችን ተከታተሉ። ነቀፋ፣ ጥላቻና ከልክ ያለፈ ጣልቃ ገብነት በበዛበት ቤት ሕመሙ ቶሎ ያገረሻል። ልዩነቱን አያችሁት? ቤተሰቡ ሕመሙን አላመጣም፤ አነጋገሩ ግን ከሕመሙ በኋላ ባለው ሕይወት ላይ ይሠራል። ስለዚህ ሐኪሙ መጀመሪያ ቤተሰቡን «አላሳመማችሁትም» ይላል። ከዚያ ሕመሙን ያስረዳቸዋል፤ «አንተ ሰነፍ» በሚለው ፈንታ «ዛሬ እስከ ስምንት ሰዓት ስትተኛ ጨነቀኝ» ማለትን ያለማምዳቸዋል። ይህ ከመድኃኒቱ ጋር ሲሰጥ ማገርሸትን እንደሚቀንስ በብዙ ጥናት ታይቷል፤ የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያም ቢያንስ ለ10 ጊዜ እንዲሰጥ ይመክራል።

ከእኛ አንዱ የቦወንን ሦስት ማዕዘን ማድ ቤት ውስጥ ለእናቱ አስረዳት። ከት ብላ ሳቀች። «እኔ ከመሃል ብወጣማ ትገዳደላላችሁ» አለችው። በማግስቱ ማታ ግን እራቱን አቀረበችና ነጠላዋን አንስታ ጎረቤት ቡና ጠጪ ሄደች። አባትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። ዜናው አለቀ፤ ማስታወቂያውም አለቀ።

«ወጡ ጨው አላነሰውም?» አለ አባት።

«ትንሽ» አለ ልጁ።

ጨዉን ለማምጣት የተነሳው አባትየው ነው።