ዝርዝር ያዡ ኅሩይ

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልብ ወለድ ከመጻፋቸው በፊት ዝርዝር ያዥ ነበሩ። በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙ የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍትን ካታሎግ አሳተሙ። ያኔ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ "ጦቢያ"፣ ሮም ላይ ከታተመ ገና አራት ዓመቱ ነው። ዝርዝር የሚይዝ ሰው ደግሞ ያለውን ሲቆጥር የጎደለውንም ያያል፤ እኔ እንደዛ ነው የምረዳቸው። የመርሐ ቤቴው ሰው ኋላ ራሳቸው "የልብ አሳብ"ን በ1923፣ "አዲስ ዓለም"ን በ1925 ጻፉ።

እኔም ያነበብኩትን የምመዘግብበት ፋይል አለኝ (ኮድ ጸሐፊ ነኝ፣ ምን ይደረግ!)። ሰሞኑን አረርቲ ሆኜ "አዲስ ዓለም"ን አስገባሁ። አወቀ የተጉለት ልጅ ነው፤ ፓሪስ ተምሮ ይመለሳል፣ አባቱ ሲሞቱ በተዝካሩ ድግስ ጉዳይ ከዘመዶቹ ጋር ይጋጫል። ጤፍና ሽምብራ ተሸጦ ተዝካር ሲደገስ እያየ ላደገ የምንጃር ልጅ ይሄ የድሮ ወሬ አይደለም። ኅሩይ ምክር ያበዛሉ፤ እሱንም መዝግቤዋለሁ። "ለማን ላውሰው?" በሚለው ረድፍ ግን "ለአባቴ" ብያለሁ።