ምላጭ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች

«ምላጭ» የሚለው ስም «ላጨ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ቀጥቃጭ ከብረት ሠርቶ በድንጋይ የሚስለውን የጥንቱን መላጫም፣ በወረቀት ተጠቅልሎ ከሱቅ የሚገዛውን ስስ ስለትም አንድ ላይ ይጠራል። ሥራው ጠጉር መላጨት ብቻ አልነበረም። እባጭ ይበጣበታል፤ ለዋግምት ቆዳ ይሰነጠቅበታል። ምላጭ ራሱ ቢያብጥ በምን ይበጧል የሚለው ተረትም የመጣው ከዚሁ አገልግሎት ነው።

በጥንቱ ልማድ ምላጭ ከጢም ይልቅ የሚያውቀው ራስን ነው። ጠጉሩ በውሃ ይርሳል፣ ቆዳው በጣት ይወጠራል፣ ስለቱ ቀስ ብሎ ይሄዳል። የልጅ ራስ ተላጭቶ ቁንጮ ይቀርለታል፤ ያላገባች ልጃገረድ መሐል አናቷ እየተላጨ ሳዱላ ትባላለች፤ የቅርብ ዘመድ የሞተበት ሰው ራሱን ተላጭቶ ሐዘኑን ያሳያል። በሙስሊም ቤተሰብ የሕፃን ጠጉር በተወለደ በሰባተኛው ቀን ይላጫል። በአንጻሩ በመተሐራና በፈንታሌ አካባቢ የከረዩ ኦሮሞ ወንዶች ጉንፉራ የሚባለውን ትልቅ ጎፈሬ ያሳድጋሉ። የተላጨም ያልተላጨም ራስ የሰውየውን ዕድሜና ሁኔታ ይናገራል።

ጢምን ዘወትር መላጨት የተለመደው በከተማ ነው። ለስምጥ ሸለቆ ደግሞ ከተማን ያመጣው በዋናነት የባቡር ሐዲድ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው መስመር አዋሽን ተሻግሮ፣ በአዳማ፣ በሞጆና በቢሾፍቱ በኩል አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ዘመን በሌላው ዓለም የመላጨት ሥራ መልኩን እየቀየረ ነበር። አሜሪካዊው ኪንግ ካምፕ ጂሌት እጀታ ላይ የሚገጠም፣ ሲደንዝ የሚጣል ባለሁለት ስለት ምላጭ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1904 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ መንግሥት ለወታደሮቹ 3.5 ሚሊዮን ያህል መላጫ አዘዘ። ወታደሩም በገዛ እጁ ፊቱን መላጨትን ልማድ አድርጎ ከጦር ሜዳ ተመለሰ።

በኢትዮጵያ ጦርነት ያስተማረው የዚህን ተቃራኒ ነው። ከሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጀምሮ ጣሊያን ዋና ከተማይቱን ከነባቡር መስመሩ ሲይዝ፣ በዱር የገባው አርበኛ ጠጉሩንና ጢሙን አሳደገ። ዱር ለዱር ለሚዞር ሰው ሳሙናና ምላጭ ብርቅ ናቸው፤ ጎፈሬም ከጥንት የጀግና ምልክት ነበር። በሸዋ የተዋጉት ራስ አበበ አረጋይ በዘመኑ ፎቶግራፎች የሚታዩት በረጅም ጠጉርና በጢም ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ በዚያው ቀን ድል ተገኘ፤ ዛሬም በየዓመቱ ሚያዝያ 27 የድል በዓል ሲከበር፣ ለአባትና ለአያት መታሰቢያ ጎፈሬ አበጥሮ አደባባይ የሚወጣ አለ። በአርበኛ ቤተሰብ ዘንድ የጦርነቱ ትዝታ የተቀመጠው ባልተላጨው ፊት ላይ ነው።

ከድሉ በኋላ ዘመናዊ ጦር ሲደራጅ የተላጨ ፊት የወታደር ሥርዓት ሆነ። ቢሾፍቱ የአየር ኃይል ሰፈር ሆነች። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ ሲዘምት፣ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ በባቡር ያለፈው ያኔ ናዝሬት በተባለችው አዳማ በኩል ነው። በ1946 ዓ.ም. ደግሞ ከአዳማ አጠገብ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። የወር ደመወዝተኛ በበዛባቸው በእነዚህ ከተሞች ለጠጉር አስተካካይ ቋሚ ደንበኛ ተገኘለት።

የጠጉር ቤቱ ሥራ ቅደም ተከተል አለው። ጢሙ በሙቅ ውሃ ይለሰልሳል፤ ሳሙናው በብሩሽ ተመትቶ አረፋ ይሆናል፤ ታጣፊው ምላጭ በቆዳ ቀበቶ ላይ ወዲያ ወዲህ ተብሎ ስለቱ ይቃናል። መጀመሪያ ወደ ጠጉሩ አበቃቀል ይላጫል፤ በመጨረሻ ፊቱ በአልኮል ይታሻል።

በሻሸመኔ ግን ምላጭ ያልደረሰበት ራስ ሌላ ትርጉም አገኘ። ንጉሠ ነገሥቱ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ኢትዮጵያን ለደገፉ በውጭ የሚኖሩ ጥቁር ሕዝቦች በዚያ መሬት ሰጡ። በኋላ ከጃማይካና ከሌሎች አገሮች መጥተው ከሰፈሩት ብዙዎቹ ራስ ተፈሪያን ናቸው፤ በኦሪት ዘኍልቍ የተጻፈውን የናዝራዊነት ስእለት በመከተል ጠጉራቸውን አይላጩም።

አሮጌውን ታጣፊ ምላጭ ከጠጉር ቤት ያራቀው ፋሽን ብቻ አይደለም። በ1970ዎቹ መጨረሻ ኤችአይቪ በኢትዮጵያ መታየቱ ሲታወቅ፣ ስለታም ነገር በጋራ አለመጠቀም ዋና የጤና ትምህርት ሆነ። አንድ ስለት ለአንድ ደንበኛ የሚለው አሠራር ተስፋፋ፤ ቀጥሎም የኤሌክትሪክ መላጫ መጣ። ስሱ ምላጭ ግን ከቤት አልጠፋም፤ ጥፍር ይቆረጥበታል፣ የተማሪ እርሳስ ይቀረጽበታል።