አልዩ አምባ፦ ከአንኮበር ሥር ያለችው የሲራራ ነጋዴዎች ከተማ



ወጣቶች፣ አሮጌ ከተማ እንይ ሲባል አብዛኞቻችን ሐረርን እናስባለን፤ ሐረርም ይገባታል። ወደ አንኮበር የሚሄደው ደግሞ የቤተ መንግሥቱን ኮረብታ ወጥቶ፣ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። ከዚያው በስተምሥራቅ ቁልቁል ያለችውን አልዩ አምባን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ዙፋኑ አንኮበር ላይ ሆኖ፣ የሸዋ ትልቁ ገበያ የነበረው በዚህች የሙስሊሞች ከተማ ነው።

ነገሩ ከመልክዓ ምድሩ የመጣ ነው። ከታጁራ ወደብ የሚነሳ የግመል ቅፍለት ሸዋ ለመድረስ ከአንድ ወር በላይ በአፋር በረሃ ይጓዛል። ግመል ደግሞ የደጋውን ዳገት አይችልም። ስለዚህ ጭነቱ ፋሬ በምትባለው የኬላ መንደር ይራገፍና በጋማ ከብትና በሰው ጀርባ ሽቅብ ይቀጥላል። ቆለኛውና ደገኛው ለመገናኘት የሚመቻቸው ቦታ አልዩ አምባ ሆነች። ከባሕር በኩል ጨው፣ ጨርቅና ዶቃ ይመጣል፤ ከደጋ በኩል እህል፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይወርዳል። ክፍያው በአሞሌ ጨው ወይም በማርያ ቴሬዛ ብር ነው።

ገበያው የሚቆመው ዓርብ ነበር። እስቲ አስቡት፦ አርጎባው፣ አፋሩ፣ ሐረሪው፣ ሶማሌው፣ አማራውና ኦሮሞው በአንድ ሜዳ ላይ ሲከራከሩ፣ ያውም በጁሙዓ ቀን! እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1842 እዚህ ተቀምጦ ያየውን ጽፏል። ስለ ከተማችን ብዙ የምናነበው ከእንግዳ ብዕር መሆኑ ያስቆጫል።

ታሪኩን ግን ቆርጠን አንናገር። በአቅራቢያዋ ባለችው አብዱ ረሱል የባሪያ ገበያ ይቆም ነበር። ከደቡብና ከምዕራብ ተይዘው የመጡ ሰዎች፣ ብዙዎቹ ገና ልጆች፣ በዚሁ መንገድ ወደ ባሕር ይነዱ ነበር። ሻጮቹ በአብዛኛው ሙስሊም ነጋዴዎች ነበሩ፤ ቀረጡን የሚሰበስበው ደግሞ የክርስቲያኑ ንጉሥ ነው። በሲራራ ነጋዴዎቻችን የምንኮራ ከሆነ ይህንንም የእኛ ብለን መናገር አለብን። ጥፋቱን የንጉሡ ብቻ አድርጎ የሚጽፍ ሰው ታሪክ እየጻፈ አይደለም።

ከተማዋን ያቀዘቀዛት ጦርነት ሳይሆን የመንገድ መዞር ነው። አፄ ምኒልክ መቀመጫቸውን ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ አዞሩ። እ.ኤ.አ. በ1887 ሐረር በእጃቸው ገባች። ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ የታጁራን በረሃ በግመል የሚያቋርጥ ነጋዴ ምን ያተርፋል?

ከገበያው ይልቅ የሚያሳዝነኝ ቋንቋው ነው። አርጎብኛ በሾንኬና በጦልሃ ዛሬም ይነገራል፤ አልዩ አምባ ላይ ግን አማርኛ ተክቶታል።

ለመሄድ ያሰበ ካለ፣ ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ በኋላ ቁልቁለት ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። እንደ ጎንደር ያለ ግንብ አትጠብቁ። ጁሙዓ ሰግዳችሁ ሽማግሌዎች ዘንድ ቁጭ በሉ፤ ቅፍለቱ በየት በኩል ይገባ እንደነበር፣ የየትኛው ቤተሰብ አያት ከየት እንደመጣ ጠይቋቸው። አንድ ሁለት የአርጎብኛ ቃል የሚያስታውስ ካገኛችሁ በፈቃዱ ድምፁን ስልካችሁ ላይ ቅዱትና ላኩልን፤ ኢንሻአላህ እዚሁ እናወጣዋለን።