«ልብ ማለት» እያለን «የአእምሮ ሙላት» ለምን?

ማይንድፉልነስን «የአእምሮ ሙላት» የሚሉ ሰዎች በዝተዋል። እንግሊዝኛውን ለሁለት ቆርጦ መግጠም ትርጉም አይባልም። ኮምቦልቻ ላይ «ሙላት» ቢባል ሰው የሚያስበው የክረምቱን የቦርከና ወንዝ ነው። የተፈለገው ደግሞ አእምሮን ከሐሳብ ጎርፍ ማሳረፍ ነበር!

ነገሩን አንባቢ ያውቀዋል፤ ወደ ትናንትም ወደ ነገም ሳይሸሹ አሁን ፊት ለፊት ያለውን ማየት ነው። ጆን ካባት-ዚን እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በማሳቹሴትስ ለሕሙማን አስተማሩት፤ ሥሩ ግን የቡድሃ ትምህርት ነው። በፓሊ ቋንቋ «ሳቲ» ይባላል፤ መነሻ ፍቺውም ማስታወስ ነው። እንግሊዝኛውን ቃል ተርጓሚው ሪስ ዴቪድስ እ.ኤ.አ. በ1881 ለዚሁ ትርጉም መረጡት። እኛ እንግዲህ የትርጉም ትርጉም ላይ ነን።

«ተመስጦ» የሚሉ አሉ። ግዕዙ «መሠጠ» ነጠቀ ማለት ነው፤ የተመሰጠ ሰው ካለበት ተነጥቆ ሄዷል። እዚህ የሚፈለገው እዚሁ መቆየት ነው። «አስተውሎት» ጥሩ ነበር፣ ግን «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» ቀደመንና ኮምፒውተር ወሰደው። «ንቃተ ህሊና» ሌላ ሥራ አለው። «ጥሞና» ይቀርባል፤ ሆኖም ብዙዎች የጸሎት ጊዜ ይሉበታል።

የእኔ ምርጫ «ልብ ማለት» ነው። በግዕዝ «ለበወ» አስተዋለ፣ ተረዳ ነው፤ «ልቡና»ም ከዚያው ቤት ነው። ለእኛ ልብ የስሜት ብቻ ሳይሆን የማሰቢያም ስፍራ ነው፤ ስለዚህ የማያስተውለውን «ልበ ቢስ» እንላለን።

ልብ ማለት በተግባር ይህን ይመስላል፦ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ሐረጎ ላይ ስልክ አውጥቶ ሸለቆውን ፎቶ የሚያነሳ አይጠፋም። አብዛኛው ጀርባውን ለገደሉ ሰጥቶ ራሱን ያነሳል። ልብ ያለው ግን ጉሙ እስኪገለጥ ይቆማል፤ ብርሃኑ የትኛውን እርሻ አስቀድሞ እንደነካ ያያል፤ ከዚያ አንዴ ይጫናል። ሐይቅ ዳር የውኃ ወፍ የሚጠብቅም እንዲሁ ነው። በተፈጥሮ ፎቶግራፍ ማይንድፉልነስን መለማመድ የሚሉት ይኸው ነው፤ ውድ ካሜራ አይጠይቅም።

«ልብ ማለት ግስ ነው፣ ስም አይሆንም» የሚል ተቃውሞ ሰምቻለሁ። «ዝም ማለት»ስ? «ልብ ማለትን መለማመድ» ምን ጎደለው? ሥልጠና የምታዘጋጁ ሁሉ፣ በሚቀጥለው ማስታወቂያችሁ ላይ «የአእምሮ ሙላት»ን ሰርዛችሁ «ልብ ማለት» ብላችሁ ጻፉልን።